ጥሬው ለገበያ፣ የተሰናዳው ለዘመድ

ጅቡቲ፣ ጥር 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ኻሊዳ
ድሬዳዋ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህች ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በጤና እንድታገኛችሁ አላህን እለምናለሁ። እኔም አባቴም፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ደኅና ነን።

ምናልባት አያስታውሱኝም ይሆናል። የአክስትዎ ልጅ የኑሪያ ልጅ፣ ሱሪያ ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደብዳቤውም ሰላምታውም ተቋረጠ። እሷ በሕይወት ሳለች ግን በየዓመቱ ከድሬ የሚመጣው የእርስዎ ጥቁር አዝሙድ ቤታችንን ሲያውደው አስታውሳለሁ። የመጣበት ቆርቆሮ በተከፈተ ቀን ሆዳን ሰፈር ያሉት ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰበብ እየፈለጉ ይመጡ ነበር።

አሁን የምጽፍልዎትም በዚያው በጥቁር አዝሙድ ጉዳይ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ እዚህ ከተማ በሚገኝ አንድ የምርምር ቤት ሥራ ይዣለሁ። ሥራችንን በቀላሉ ላስረዳዎት። ብረት አየር ሲያገኘው እንደሚዝግ ሁሉ የሰውም ሰውነት ከሚተነፍሰው አየር የተነሣ ቀስ በቀስ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ታይሞኪኖን የሚባል ነገር አለ፤ ይህን ጉዳት ይከላከላል ይባላል። እኔ የጉበት ሴሎችን በሳህን ላይ አሳድጋለሁ። ለግማሾቹ ከዘሩ የወጣውን ዘይት እሰጣቸዋለሁ፤ ግማሾቹን እንዲሁ እተዋቸዋለሁ። ከዚያ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን ኦክሲጂኔ ውሃ አፈስባቸዋለሁ። ቀለም ሲጨመር የሞቱት ሰማያዊ ይሆናሉ። ዘይቱ ከጠበቃቸው ሰማያዊው ያንሳል ማለት ነው።

እዚህ ቡላኦስ ገበያ ያለው ዘር የግብፁም የሕንዱም የተደባለቀበት ነው። አለቃዬ ዶክተር ሀያ የበቀለበት አገር ያልታወቀ ዘር አልቀበልም አለች። እኔም፣ "ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትነግድ አክስት አለችኝ፤ የእሷ ዘር ከባሌ ጎሮ፣ ከገበሬው እጅ ነው የሚመጣው" ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። እስከ ሰኔ ውጤት ካሳየሁ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ካላሳየሁ አባቴ ቡላኦስ ባለው የጨርቅ ሱቁ ወንበሬን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ጨርቅ መሸጥ ነውር አይደለም። ግን ይህን ሥራ እወደዋለሁ፣ አክስቴ።

አትክልት ይዛ በባቡር የምትመላለሰውን ወለላን ያውቋታል። በእሷ እጅ ሁለት ኪሎ ቢልኩልኝ ዋጋውን በእሷው እመልሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ሱሪያ ሙጠሊብ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሪያ፣

ወዐለይኪ ሰላም ወራሕመቱላህ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የያዝሽውን ይባርክልሽ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ድሬም ደኅና ናት።

መጀመሪያ ልቆጣሽ። "እርስዎ" ማን ናቸው? ደብዳቤሽን ሳነብ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። የድሬ ልጅ አባቱንም አንተ ነው የሚለው። አንቺ በዪኝ! የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ እያሉ መቁጠሩንም ተይው፤ እናትሽና እኔ ከአንድ ሳህን በልተን ያደግን እኅትማማቾች ነን። አያስታውሱኝም ይሆናል ትያለሽ ደግሞ! የተወለድሽ ጊዜ አራስ ልጠይቅ ጅቡቲ መጥቼ ያቀፍኩሽ እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስትጮኺ አድረሽ፣ ወደ ባቡሩ ስሄድ ነው ዝም ያልሽው። ያኔም ክፉ ነበርሽ።

ሰው ይዝጋል ያልሽውን ለጎረቤቶቼ አነበብኩላቸው። ሩቅያ የምትባለዋ ጉልበቷን እያሸች፣ "እኔስ ከዛግሁ ቆየሁ፣ የሚወለውለኝ ነው ያጣሁት" አለች። ዘይቱ ከተሳካልሽ መጀመሪያ ለእሷ ላኪላት።

ዋጋ የሚባል ነገር አታንሺብኝ። በእኛ ቤት ከአያቶቻችን የወረስነው ሕግ አለ፤ ጥሬው ለገበያ፣ የተሰናዳው ለዘመድ ነው። ሰው አገር ላለ ዘመድ ጥሬ ነገር መላክ "ድካሙን ራስሽ ቻዪው" ማለት ነው። ስለዚህ ዘርሽን በወጉ አሰናድቼዋለሁ፤ ለእናትሽ አደርገው እንደነበረው ሁሉ። እስኪ ያቺ ዶክተር ታሽትተው።

አባትሽ አገባ ወይ? ካላገባ ምን ይጠብቃል? በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ይህን ሳትመልሺ እንዳታልፊ።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቴ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ አለ።

አክስትሽ ኻሊዳ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 18 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለኻሊዳ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ቤትሽን ያሙቀው። ይኸው "አንቺ" አልኩሽ፤ እጄ ግን እየፈራ ነው።

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ቆርቆሮው በደኅና ደርሶኛል። የከፈትኩት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ክዳኑን እንዳነሣሁት የእናቴ ጓዳ፣ የሻርፗ ጠርዝ፣ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ዶክተር ሀያ ምን ሆንሽ ብትለኝ አለርጂ ነው አልኳት።

አባቴ አላገባም። "ማን ያገባኛል" ይላል፤ መልሱን ግን ከእኔ የሚጠብቅ ይመስለኛል።

ሥራው ቀጥሏል። ውጤቱ ገና አልጠራም። ከአውሮፓ በብልቃጥ የመጣው ንጹሕ ታይሞኪኖን ሴሎቹን በደንብ ይጠብቃቸዋል፤ ከእኛ ዘር ያወጣሁት ዘይት ግን እስካሁን እምብዛም ነው። ዶክተር ሀያ ክፉ ሰው አይደለችም። ትናንት ግን ሳህኖቹን አይታ፣ "ምናልባት የዚያ አገር ዘር በተፈጥሮው ባዶ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ እንደዚያው ብለን እንጽፋለን" አለች። እኔ ሙከራው ይደገም ብዬ ለመንኳት፤ እሺ አለችኝ።

እባክሽ ሁለት ኪሎ ድገሚልኝ፤ ከተቻለ ከሌላ ገበሬ ማሳ። መቼ እንደታጨደና በምን እንደተቀመጠም ጻፊልኝ።

ልጅሽ ሱሪያ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሪያ፣

ሰላሙ አላህ ባንቺና በአባትሽ ላይ ይሁን። አላህ ከባዶ ሰው ይጠብቅሽ።

ባዶ አለች? የጎሮ ጥቁር አዝሙድ ባዶ? "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይባላል። የናቀችው ዘሩን አይደለም፣ እኔን ነው። ለዶክተሯ ንገሪያት፤ የእኔን ዘር የወሰደ ሰው በዚህ ገበያ ተመልሶ ሌላ ደጅ አልረገጠም።

ግን ቁጣዬ ሲበርድ ራሴን ጠየቅሁ። የመጀመሪያውን ወለላ እንዳትሄድብኝ እየተቻኮልኩ ነው የሠራሁት። ምናልባት ጉድለቱ እዚያ ላይ ይሆናል። አሁን የላክሁት ግን እንከን አይወጣለትም። ከሌላ ገበሬ ነው፣ እሱም የጎሮ ሰው፤ ጥር ላይ ነው የታጨደው፣ በጆንያ ነው የመጣው። ጠጠሩንና ገለባውን አንድ በአንድ ለቅሜ ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ጣሪያ ላይ ፀሐይ አስመትቼ፣ በብረት ምጣድ በለሰለሰ እሳት ቆላሁት። የፊተኛውን ቶሎ ነበር ያወረድኩት፤ ይኼኛውን ግን መዓዛው ደጅ ድረስ እስኪወጣ ጠበቅሁ። በማግስቱ እርጥበት እንዳይቀርበት ደግሜ እሳት አሳየሁት። ባሕር ዳር ላለ ሰው እርጥብ ዘር አይላክም፣ ይሻግታል።

መቁላቱ ቀላል አይምሰልሽ። ጭሱ ይነድፋል። እንባዬ ሲወርድ ሩቅያ በመስኮት አይታኝ መርዶ የመጣ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ስቀን ሞትን። ዓይኔ እስካሁን ቀይ ነው፣ ያልፋል። ላንቺ ሥራ ከሆነ ሌላ አሥር ምጣድም እቆላለሁ።

አባትሽን የሚያገባ ሰው እያሰብኩ ነው። ዝም በዪው፣ እንዳይደነግጥ።

አክስትሽ ኻሊዳ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ዓይንዎን ይማርልኝ።

ሁለተኛው ቆርቆሮ ደርሶኛል፤ አላህ ድካምዎን ይቁጠርልዎት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት።

እኔ እኮ ጥቁር አዝሙድ ሲቆላ አይቼ አላውቅም። ከእርስዎ ቆርቆሮ ሲወጣ ብቻ ነው የማውቀው። ጠረኑ እንዲያ ይመስለኝ ነበር፣ ከተፈጥሮው። ጥቁር ነገር ደግሞ ቢቆላም ባይቆላም ለዓይን ያው ጥቁር ነው። እንዲሁ ሳስበው ገርሞኝ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ከዚያው ጆንያ ጥቂት ጥሬ ዘር፣ ያልታጠበ፣ ፀሐይም እሳትም ያልነካው ቢልኩልኝ። ለማነጻጸሪያ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የግድ የሚጠየቅ ሥርዓት ስለሆነ እንጂ የላኩት ጎድሎ አይደለም። ጊዜው እያጠረ ነውና ቢፈጥኑልኝ ደስ ይለኛል።

ዓይንዎንም ሐኪም ይይልዎ። እባክዎን ከእንግዲህ አይቁሉ።

ሱሪያ


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 8 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለሱሪያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ተመልሰሽ "እርስዎ" አልሽኝ። ሰው እንዲህ የሚለው ሊርቅ ሲል ነው።

የእኔ እጅ የነካው ነገር ቆሸሸብሽ እንዴ? ያልታጠበ፣ ጠጠርና ገለባ ያለበት ነገር ለኑሪያ ልጅ ልላክ? ሰዉስ ምን ይለኛል፣ ወለላስ ምን ትላለች? እናትሽ ይህን ብትሰማ ከመቃብሯ ትነሣ ነበር። ጥሬ የምሸጠው ለነጋዴ ነው። ነጋዴ ሆነሽ ከመጣሽ እንደማንኛውም ሰው ትሰለፊያለሽ።

"አይቁሉ" አልሽኝ ደግሞ። እኔ ለዘመድ የማውቀው ይህንኑ ነው። ሌላ የምሰጠው የለኝም።

ወለላ በባዶ እጇ ነው የምትመጣው።

ኻሊዳ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 29 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለኻሊዳ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ልብሽን ያለዝብልኝ። "አንቺ" ብያለሁ፤ ከእንግዲህ ሌላ አልልም።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ ቀደድኩ። ላስቀይምሽ ፈልጌ አልነበረም። ስለ ጥሬው ዘር የጠየቅሁሽን እርሺው። እዚህ ከምሲን የሚባለው ነፋስ ሊገባ ነው፤ ዶክተር ሀያ ከሰኔ መጨረሻ በኋላ የምርምር ቤቱን ዘግታ ለዕረፍት ትሄዳለች። የሚቀረኝ አንድ ሙከራ ነው፤ እሱም ባይሆን አልሐምዱ ሊላህ። አባቴ በሱቁ ውስጥ ያለውን ወንበሬን አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል። አረንጓዴ የምወድ ይመስለዋል፤ ልቡ እንዳይሰበር ዝም አልኩት።

ውጤቱ ያልመጣው በእኔ እጅ ድክመት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

አንድ ነገር ግን እወቂልኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ እሷን የሚሸት ነገር ያገኘሁት ያንቺን ቆርቆሮ ስከፍት ብቻ ነው። ከሙከራው የተረፈውን ማንም እንዳይነካው ቤት ወስጄ አልጋዬ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። በጣም ናፍቃኛለች። አንቺንም እንዳላጣሽ እፈራለሁ።

ቡላኦስ ካለ ፋርማሲ የዓይን ጠብታ ገዝቼ በወለላ ልኬልሻለሁ። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው።

ልጅሽ ሱሪያ


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 7 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለክፉዋ ልጄ ለሱሪያ፣

ሰላሙ አላህ ባንቺ ላይ ይሁን፤ እሱ የደበቅሽውን ሁሉ ያያል፤ እኔም አሁን አየሁት።

ጠብታው ደረሰኝ። ሩቅያ ጭንቅላቴን በጉልበቷ ይዛ አንዷን ዓይኔን አንጠባጠበችልኝ። "አንቺ ሴት፣ ይህን ዓይን ያጠፋው ምንድን ነው?" አለችኝ። "የአዝሙዱ ጭስ ነዋ" አልኳት። አፌን ሳልከድን ከጉልበቷ ላይ ተነሣሁ፤ ሁለተኛው ዓይኔ ሳይደርሰው ቀረ።

ጓዳ ገባሁ። በአንድ መዳፌ ከጆንያው ጥሬውን፣ በሌላው ለቤት ከተቆላው ዘግኜ አሸሁና አሸተትኩ። የተቆላው ይጥማል፣ ያስርባል። ጥሬው ግን አፍንጫዬን ነድፎ ዓይኔን አቃጠለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። የሚያቃጥለው ነገር ከተቆላው ውስጥ የለም፤ በጭስ ወጥቶ ሄዷል። አንቺ በማሽን የምትፈልጊውን ነገር እኔ እዚህ እያለቀስኩ በመስኮት ሳባርረው ከርሜአለሁ! አንቺ ደግሞ ይበልጥ አሰናጂ ያልሽኝ እየመሰለኝ፣ ይበልጥ ቆላሁት። ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ዶክተሯን ያለ ጥፋቷ ረግሜአታለሁ፣ አፉ በዪኝ በያት።

ግን አንቺ አወቅሽ። ሚያዝያ ላይ ነው ያወቅሽው፤ "ጥቁር ነገር ቢቆላም ጥቁር ነው" ያልሽኝን ዛሬ መልሼ አነበብኩት። ከዚያ "በእኔ እጅ ድክመት ነው" ብለሽ ዋሸሽኝ። አክስቴ እንዳይከፋት ብለሽ ሥራሽን ልታጪ? "ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" ሲባል አልሰማሽም? እኔ ተቆጪ ነኝ፣ አኮርፋለሁ፣ ከዚያ ይወጣልኛል። ዘመድ ማለት እኮ የሚያኮርፉበት ሰው ነው። ለባዳ ማን ያኮርፋል?

ባቡሩ ደወሌ ላይ ተበላሽቷል አሉኝ። ወለላን ሳልጠብቅ ቦንሳ ለሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤም ይዟል። ጥሬ ነው። አልታጠበም፣ አልተለቀመም፣ ፀሐይ እንዳያገኘው በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ጠጠርም ገለባም አለበት፤ አንድ የሞተ ጥንዚዛም አይቻለሁ፤ እጄ እየበላኝ ተውኩት። ለዘመድ ጥሬ ስልክ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ቦንሳን፣ "ማን ላከው ቢሉህ አላውቅም በል" ብዬዋለሁ።

አላህ ይድረስልሽ። ካልደረሰም ጥፋቱ ያንቺ እጅ እንዳይደለ ለዶክተሯ እኔው በእጄ እጽፍላታለሁ። ባለምስክር ወረቀት ነኝ።

አክስትሽ ኻሊዳ


ጅቡቲ፣ ሰኔ 30 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእናቴ እኅት፣ ለአክስቴ ለኻሊዳ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከምሲኑ ገብቷል፤ መብራት እየጠፋ ይመጣል፤ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት መተኛት አቅቶኛል።

ቦንሳ ምርምር ቤቱ በር ላይ መኪናውን አቁሞ፣ "ሱሪያ የምትባል አለች? የላከውን አላውቅም፤ ድሬ ያለች ኻሊዳ የምትባል ሴት አይደለችም" አለ። ዘበኛው እስካሁን ይስቃል።

ዘሩን የፈጨሁት ዶክተር ሀያ አጠገቤ ቆማ ነው። ወፍጮውን ስከፍተው ሁለታችንም ዓይናችንን ያዝን። አለቀስን፣ አክስቴ። እሷ፣ "ይኼ ሌላ ዘር ነው" አለች። "አይደለም፣ ያው የጎሮ ዘር ነው፤ የፊተኛው ተቆልቶ ነበር" አልኳት። ለምን እንደተቆላም ነገርኳት። ከዚያ፣ "የእኔም አያት ከታጁራ ተምር ስትልክልኝ የውስጡን ፍሬ ለቅማ አውጥታ ነው" አለች። ስለ እርግማኑም አፉ ብላሻለች።

ኦክሲጂኔ ውሃውን አፍስሰን ቀለሙን ጨመርን። ያለ ዘይት የቀሩት ሰማያዊ ሆኑ። ያንቺ ዘይት የደረሳቸው ሳህኖች ላይ ሰማያዊው እዚህም እዚያም ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ነው። ዶክተር ሀያ ደጋግማ በማጉያው አየችው። ይህ የሳህን ላይ ሴል እንጂ ሰው አይደለምና ለሩቅያ ጉልበት ገና አልደረስንም፤ ይቅርታ በያት። የጎሮ ዘር ባዶ ነው ተብሎ ግን አይጻፍም። የተቆላውና ጥሬው ጎን ለጎን ነው የሚጻፈው፤ ያን ሁሉ ልፋትሽን ለሥራችን እንፈልገዋለን። ከመስከረም ጀምሮ ቋሚ ነኝ።

አረንጓዴው ወንበር ላይ አሁን አባቴ ራሱ ተቀምጧል። ደስ ብሎታል፤ ትንሽም ከፍቶታል። የሚያገባውን ሰው ፍለጋ ብታፋጥኚው ሳይሻል አይቀርም።

አልጋዬ አጠገብ ያለው ቆርቆሮ ጠረኑ እየደከመ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለላቦራቶሪው ጥሬውን፣ እንደ ነጋዴ ተሰልፌ በዋጋው ካንቺ እገዛለሁ።

ለእኔ ግን የተቆላውን ላኪልኝ። ስትቆዪው መስኮቱን ክፈቺ።

ልጅሽ ሱሪያ